ላሟ ገባች ወይ?

የጡረታ ሽኝቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። ሰዓቱ ያስፈለገኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነበር፣ አሁን ምን ሊያደርግልኝ ነው ብዬ አሳቅኋቸው። ከዚያ አዲስ ከተቀጠሩት አንዷ ልጅ ድምፅ ማጉያውን አቀበለችኝና፣ ለልጆች የተጻፈ ረቂቅ ጥሩ መሆኑን ድሮ በምን ነበር የምታውቁት ብላ ጠየቀችኝ። «በውሃ» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መሰላቸው። ያልሳቀው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሳሙኤል ብቻ ነበር። እሱ የቀድሞው አለቃዬ የጋሽ ተፈራ የእህት ልጅ ነው፤ የውሃውን ነገር በልጅነቱ በዓይኑ አይቶታል።

ያን ዕለት ነገሩን አላስረዳሁም። ኬክ የያዘ ሰው ብዙ አይሰማም። አሁን ግን ለቡ መብራት ኃይል፣ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፤ ጊዜም ሞልቶኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የውሃውን ብቻ ሳይሆን፣ ጋሽ ተፈራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲጠይቁኝ የኖሩትን የአንዲት ላም ነገርም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ታይፒስትነት ነበር፤ የመማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ። የዚያ ቤት አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ልጅ የሚባል ፍጥረት አንድ ቀን ሳይመከር ከዋለ ይበላሻል ብለው የሚያምኑ ናቸው። ጽሑፉ ስለ ጥንቸል ይሁን ስለ ዝናብ፣ የሚዘጋው በምክር ነው። «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የምትለዋን መስመር ስንት ጊዜ እንደመታኋት እግዜር ይወቀው፤ በኋላ በኋላ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይጽፏት ጀመር። ከዚያ ወጥቼ ማተሚያ ቤት ገባሁና አራሚ ሆንኩ። እዚያ የተማርኩት ዓይን ምን ያህል ቀጣፊ እንደሆነ ነው። የተጻፈውን ትቶ የጠበቀውን ያነባል። ለዚህ መድኃኒቱ ገጹን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ማንበብ ነው፤ እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለታክሲ ይበቃ ነበር፤ ስለተረፈው አትጠይቁኝ።

መካኒሳ ወደሚገኘው የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ቤት ስገባ ቢሮ የገባሁ አልመሰለኝም። የሰው ግቢ ነው፤ መሃሉ ላይ የጽድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ሹራባቸው ሁልጊዜ በአንድ ቁልፍ የሚዛነፍ። የምስክር ወረቀቴን ገለጥ እንኳ አላደረጉትም። አንድ ገጽ ሰጡኝና ጮክ ብለሽ አንብቢ አሉኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ አንድም ፊደል ሳልስት አነበብኩ። «የኔ እመቤት፣ ዜና አደረግሽው እኮ» አሉኝ። አፈርኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል፣ ሰኞ ጠዋት እንዳታረፍጂ ብለው መለሱኝ።

የሳቸው አሠራር ከማንም አይመሳሰልም። ረቂቅ ሲመጣላቸው የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ኋላ ያጥፉትና ከሁለተኛው ይጀምራሉ። ደራሲ የመጀመሪያውን ገጽ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው የሚጨርሰው ይላሉ። እውነታቸውን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ገጽ ባይኖር የሚጎድል ነገር የለም። እስክሪብቶ ሰው የጻፈው ላይ አያሳርፉም፤ የሚሠሩት በእርሳስ ነው። ዓረፍተ ነገር ከአንድ ትንፋሽ ካለፈ ይቆርጡታል፣ ትንፋሹም የሳቸው ሳይሆን የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ነው። ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ያስጨንቃቸዋል፤ ልጁ የሚገልጥበት ምክንያት ካላገኘ መጽሐፉን ትቶ ይሄዳል ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን፣ ረቂቁን ቤታቸው ወስደው እስከ ግማሹ ብቻ ነበር የሚያነቡት። ሌላውን ግማሽ ከልጆቹ ጋር ነው የምሰማው ይሉኛል። መጨረሻውን ልንገርዎት ብላቸው ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ይደፍናሉ።

ልጆቹ የምላችሁ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ የሚጠራቸውም የሚከለክላቸውም የለም። ጋሽ ተፈራ ወንበራቸውን ፊት ለፊታቸው ያደርጉና ረቂቁን ያነባሉ። ታሪኩ መሃል ላይ ደርሶ ነገሩ ሊጠና ሲል ድንገት ያቆማሉ። «ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ልጠጣና ልምጣ» ብለው ወደ በረንዳው ይሄዳሉ። እዚያ ጆግና ብርጭቆ አለ። አጠጣጣቸው አያድርስ ነው። ይቀዳሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፣ ይጎነጫሉ፣ ይተክዛሉ፣ ደግሞ ይጎነጫሉ። ልጆቹ ተነስተው ኳሳቸውን ፍለጋ ከሄዱ ረቂቁ ወደቀ። ቁጭ ብለው ከጠበቁና አንዱ እንኳ «ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቀ ረቂቁ አለፈ። ሌላ ሚዛን የለንም።

ደራሲው ከኋላ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ጋሽ ተፈራ አልተቀበልንህም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ማለትም አያስፈልጋቸውም። ሰውየውን በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ይወስዱና፣ ልጆቹ እግራቸውን ማወዛወዝ የጀመሩት የቱ መስመር ላይ እንደሆነ እርሳሳቸውን እያስጠጉ ያሳዩታል። ተናዶ የወጣ አለ፤ አልዋሽም። ብዙዎቹ ግን ሻያቸውን ጨርሰው ሌላ ይዘው ለመምጣት ቃል ገብተው ነው የሚሄዱት።

ውጭ አገር ደራሲን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር የሚነጋገር ወኪል የሚባል ሰው አለ ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ቤት ወኪሉ ሽማግሌ ነበር። ረቂቁን በፌስታል ጠቅልሎ ብቻውን የሚመጣው የዋሁ ነው፤ ሌላው የሚያውቀው ሰው ይዞ ይመጣል። የአጎቴ ባልንጀራ፣ የቀድሞ ጎረቤትህ፣ አብሮ አደግህ እየተባለ ጋሽ ተፈራ ያልተዛመዱት ሰው የለም። አንድ ጊዜማ ጡረታ የወጡ ሻለቃ እንደ ልጃገረድ ጠያቂ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ላኩብን። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ሲባሉ፣ ቃላችንን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም አሉ። የሻለቃውን ድርሰት ለቤታችሁ ልንድር መጣን ማለታቸው ነው። እኔ ሳቄን ለማፈን ጓዳ ገባሁ። ጋሽ ተፈራ ግን ኮስተር ብለው፣ ሙሽራይቱን መጀመሪያ ልጆቹ ይዩዋት፤ ቅዳሜ ከሷ ጋር ኑ ብለው መለሱላቸው።

ቅዳሜ ሁሉም መጡ። የሻለቃው ድርሰት ስለ ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ሰልፍ ስለሚጠብቅ ጉንዳን። ውሃው ሳይደርስ ልጆቹ ከአግዳሚው እየተንሸራተቱ አለቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ በላቸው የሚባሉት፣ ጽዱን ተደግፈው ማንኮራፋት ጀመሩ። ሻለቃው ልጆቹን አዩ፣ አማላጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ራሳቸው ከሁላችን ቀድመው ሳቁ። ወጥተው ቀሩ ብዬ ነበር። አልቀሩም፤ በሌላ ጊዜ ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ጭነት አልነሳም ብላ ጦር ሰፈሩን ስላስቸገረች በቅሎ ጽፈው መጡ። ልጆቹ ጋሽ ተፈራን ውሃቸውን አላስጠጧቸውም። ያ መጽሐፍ ዛሬም ይታተማል፤ አቶ በላቸውም እስከ ዛሬ እኔ ባልተኛ ኖሮ አይጻፍም ነበር ይላሉ።

ጫልቱን ያወቅኋት ከዚህ በኋላ ነው። በለቡ በኩል ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ዝምተኛ ወጣት ነበረች። አማላጅ አላስከተለችም፤ ረቂቋን በመማሪያ ደብተር ሽፋን አቅፋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ የዚያው አካባቢ የጥንት ነዋሪ ገበሬ ናቸው፤ መሬቱ ኮንዶሚኒየምና መንገድ ሲሆን የቀረቻቸው ግቢያቸውና ከብቶቻቸው ናቸው። የጻፈችው ስለ አንዲት ላም ነው። ላሟ ጉራቲ ትባላለች፤ በኦሮምኛ ጥቁሯ እንደማለት ነው። ጉራቲ ጠዋት ወደ ወንዙ ዳር ለግጦሽ ትወጣለች። እሷ በሌለችበት መንገድ ሊወጣ ነው ተብሎ የግቢው አጥር ይፈርሳል፤ በሩ ከነበረበት ቦታ ግንብ ይቆምና አዲስ የብረት በር በሌላ በኩል ይከፈታል። ላሟ ማታ ተመልሳ ትመጣና የድሮው በር ከነበረበት ግንብ ፊት ትቆማለች። በአዲሱ በር አልገባም ትላለች። ይስቧታል፣ ጨው ያሳዩዋታል፣ ጥጃዋን ያመጡላታል፤ ወይ ፍንክች። የቤቱ ትንሽ ልጅ ብቻ «ኮቱ ጉራቲ፣ ኮቱ» እያለች አጠገቧ ትቆማለች። ኮቱ ነይ ማለት ነው።

ጋሽ ተፈራ እንደ ልማዳቸው እስከ ግማሹ አንብበው ነጋ ጠባ ስለሷ ማውራት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳላጥፍ ያነበብኩት የመጀመሪያ ረቂቅ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ቀጠርናት። ዓርብ ዕለት ግን ጋሽ ተፈራን ጉንፋን ጣላቸውና ንባቡ በኔ ላይ ወደቀ። በስልክ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንብቢው ብቻ። እርሳስ አታንሺ።»

እኔ ግን ረቂቁን በጣም ወድጄው ነበር፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ። የወደድኩትን ልጆቹ እንዳይንቁብኝ ፈራሁ። የመካኒሳ ልጆች ኮቱ ምን እንደሆነ አያውቁ ይሆናል ብዬ በ«ነይ» ለወጥኩት። ጉራቲን «ጥቁሯ ላም» አልኳት። የትንሿ ልጅ አባት ላሟን የሚያባብሉበትን ንግግር አስተካክዬ የመጽሐፍ አማርኛ አደረግሁት። ይህ ሁሉ ሳይበቃኝ እነዚያ የታይፒስት ጣቶቼ ተነሱ። ውሃው ከሚጠጣበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ ለእንስሳት ስለ ማዘን፣ ወላጅን ስለ ማክበር፣ የከተማን ጽዳት ስለ መጠበቅ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። እንደ አዲስ ተይቤ ሳነበው ደስ አለኝ። እጄን ማን በቆረጠው።

ቅዳሜ ጫልቱ ከኋላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ትሰማ ነበር። ማንበብ ስጀምር ልጆቹ ጸጥ ብለው ነበር። ጥቁሯ ላም ስል ይበልጥ ጸጥ አሉ፤ ግን ጋሽ ተፈራ ሲያነቡ የሚሆነው ዓይነት ጸጥታ አልነበረም፤ የክፍል ውስጥ ጸጥታ ነው። ምክሩ ጋ ስደርስ እግሮች መወዛወዝ ጀመሩ። ጉሮሮዬ ደረቀ አልኩና ወደ በረንዳው ሄድኩ፤ ብርጭቆውን ይዤ ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነበር። አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም የጫማዋን ክር ልታስር ነው። አስራ ስትጨርስ ሄደች።

ጫልቱ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገለጥ ገለጥ አደረገችውና፣ «እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም ነበር» አለች። ከዚያ አመስግና፣ አዎ አመስግና፣ የራሷንም ረቂቅ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ሄደች። ተከትያት እስከ ታክሲው ድረስ ለመንኳት። እሺ እሺ እያለች ገባች። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም፤ ትምህርት ቤቷም ሕንጻውን ለቆ ሌላ ቦታ ሄዷል አሉኝ።

ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፈልገሽ አምጫት አሉኝ። ላምጣት ብልስ የት ላግኛት፤ ለቡ እንደሆነ በየወሩ ፊቱ ይለዋወጣል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ቢሮ ስገባ እንደምን አደርሽ በማለት ፈንታ «ላሟ ገባች ወይ?» ይሉኛል። አልገባችም እላለሁ። መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ረቂቁን እስከ ዳር አንብቤው ነበር። ልንገርዎት ስላቸው ግን ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ታመው ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ስሄድም ጠየቁኝ። ገብታለች ብዬ ልዋሻቸው አሰብኩ፤ ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። እንዲሁ ሳይሰሙት ሄዱ።

ሳሙኤል ቦታቸውን ሲረከብ የተማረና ቀና ልጅ ነበር፤ አሁንም ነው። ረቂቅ በቴሌግራም መቀበል ጀመረ። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር፤ በኋላ ግን ከጅማም ከደሴም፣ ታክሲ ተሳፍረው መካኒሳ ሊመጡ ከማይችሉ ሰዎች ጽሑፍ ሲጎርፍ ሳይ ኩርፊያው ለቀቀኝ። ሽማግሌ የሌለውም ሰው በሩ ተከፈተለት። የጠፋው አግዳሚው ነው። ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆነ፤ የሰፈሩ ልጆችም ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ገቡ። ረቂቁን የሚመዝኑት አዋቂዎች ብቻ ሆኑ። ለሳሙኤል ብነግረው ልክ ነዎት ይለኛል፤ ግን ልጆችን ከየት ላምጣ ይለኛል። እንዲህ እያልን እኔም ጡረታዬ ደረሰ።

አሁን ወደ አንድ የወተት ነገር ልውሰዳችሁ። የፓኬት ወተት ሆዴን ይነፋኛል። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ጎረቤቴ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ አንድ ገበሬ ትኩስ ወተት ይሸጣሉ አለችኝ። ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ግቢው የብረት በር አለው። በሩ ላይ አንድ ያረጀ፣ ዝናብ ያጠቆረው የጽድ ሳንቃ በሽቦ ታስሯል፤ አንዲት ጥቁር ላም አንገቷን ሳንቃው ላይ ታሻሻለች። ሳንቃው ለምን እግሬን እንዳሰረው ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ። ሽማግሌው ባለቤት ከውስጥ «ኮቱ ጉራቲ» ሲሉ ሰማሁ። ጠርሙሴን ይዤ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ሰውየው አቶ ገመቹ ይባላሉ። ይቺ የድሮዋ ጉራቲ የልጅ ልጅ ናት አሉኝ። ጫልቱ የምትባል ልጅ አለችዎት ወይ ብላቸው፣ ከወዴት አወቅሻት ብለው አፈጠጡብኝ። እሷም ከቤት ወጣች። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ዛሬም ታስተምራለች። አወቀችኝ፤ ወተቱን እራሷ ቀዳችልኝ። ረቂቁ አለ ወይ ስላት ግን ፊቷ ተዘጋ። አለ፣ ግን ያንን ነገር ትቼዋለሁ፤ ለማንም አንብቤው አላውቅም፤ እርስዎም ይተዉት አለችኝ። በማግሥቱም ሄድኩ፤ ከዚያም ወዲያ። በየቀኑ ወተት እገዛለሁ፤ ጎረቤቶቼን ሁሉ እርጎ በእርጎ አደረግኋቸው። ጫልቱ ግን ወተቱን እንጂ መልስ አትሰጠኝም።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ዕድሜ ልኬን ደራሲ ወደ አሳታሚ ሽማግሌ ሲልክ አይቻለሁ፤ አሳታሚ ወደ ደራሲ ሲልክ ግን አላየሁም። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልክ የለ? እኔና ጫልቱም የተጣላን ሰዎች ነን፤ በዳይዋም እኔ ነኝ። አቶ በላቸውን አስታወሳችኋቸው? ጽዱን ተደግፈው ያንኮራፉት ሽማግሌ አሁን ለቡ ነው የሚኖሩት፤ የዕድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ጋቢያቸውን ለማውረድ ተነሱ። ሌላ የዕድር ሰው ጨምረው እሑድ ጠዋት አቶ ገመቹ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

አቶ ገመቹ ቁጭ በሉ አሉ። አቶ በላቸው አንቀመጥም አሉ፤ ይህች እህታችን ልጅዎን በድላለችና ዕርቅ ፈልገን መጣን አሉ። አባትየው ምን አድርጋት ብለው ጠየቁ። በልጅዎ ጽሑፍ ውስጥ ያልተባለች ቃል ጨምራለች፣ የተባለችውንም አውጥታለች አሏቸው። አቶ ገመቹ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ልጃቸው ዞሩ። በከብትና በድንበር የተጣላ ሳስታርቅ ነው ያረጀሁት፤ በቃል የተጣላ ግን የመጀመሪያዬ ነው ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ትተው እንደ ደንቡ ጫልቱን ካሳሽ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት።

ጫልቱ እኔን አይታ፣ «ያኔ ያነበቡት እርስዎ ነዎት። አሁንም እርስዎ ያንብቡት፤ እንደጻፍኩት» አለች። እዚሁ ግቢ፣ ለዚህ ሰፈር ልጆች። ልጆቹ ጥለው ከሄዱ ሁለተኛ እንዳይጠይቁኝ ብላ ጨመረች። ሽማግሌዎቹ መረቁን። እኔም እሺ አልኩ። ለዚህች ልጅ ሌላ ዕድል አይኖራትም፤ እኔም ለጋሽ ተፈራ ጥያቄ መልስ የምሰጥበት ሌላ ቀን የለኝም።

ሳሙኤልን ደውዬ ቅዳሜ ና አልኩት። ቴሌግራም ላይ ይላኩልኝ አለኝ። ይህ በቴሌግራም አይላክም፤ ና ብያለሁ ስለው መጣ። አቶ ገመቹ ግንድ አጋድመው አግዳሚ አደረጉት። የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ከወላጆቻቸው ስልክ ላይ ዓይናቸውን በግድ ነቅለው መጡ። ከግንዱ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ጆግና ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ሳሙኤል ጆጉን ሲያይ ምንም ሳይናገር ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ጫልቱ እንደ ያኔው ከኋላ ተቀመጠች። አቶ ገመቹ እኔ ሥራ አለኝ ብለው ወደ በረቱ ገቡ፤ ላሟን እያሻሹ ጀርባቸውን ሰጡን።

አንድ ፊደል ሳልነካ አነበብኩ። ጉራቲን ጉራቲ አልኳት፣ ኮቱን ኮቱ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጡ፣ ይጎነታተሉ ነበር። ላሟ ግንቡ ፊት ስትቆም መጎነታተሉ ቀረ። ሳቧት፣ አልገባም አለች። ጨው አሳዩዋት፣ አልገባም አለች። ጥጃዋን አመጡላት፤ ጥጃዋን እየላሰች እዚያው ቆመች። ሊመሽ ነው፤ ትንሿ ልጅም አጠገቧ ናት። ጋሽ ተፈራ ቢሆኑ የሚያቆሙበት ቦታ ይህ ነበር። አቆምኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ አልኩ፤ እውነትም ደርቆ ነበር።

ወደ በርጩማው ሄድኩ። ከኋላዬ ድምፅ የለም። አልተነሱም፤ ግን ማንም አልጠየቀም። ብርጭቆውን አነሳሁ። ልጆቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። እነዚህ የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው፤ በማያውቁት ሰው ግቢ ውስጥ አዋቂን መጠየቅ ነውር ይሆንባቸው ይሆን እላለሁ በልቤ። ጫልቱን አየት አደረግኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። አንዱ ልጅ ወደ ብስክሌቱ ዞር አለ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት።

«ከዚያስ?»

ከበረቱ ነው። አቶ ገመቹ ናቸው። እጃቸው ላሟ ጀርባ ላይ እንደሆነ ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። የሆነውን ሁሉ ያዩት፣ ግንቡ ሲቆም የነበሩት፣ መጨረሻውን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት ሰውዬ ከዚያስ ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያኔ ልጆቹ ተፈቀደላቸው መሰለኝ፤ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያሉ ተቀባበሉት። ያ ብስክሌቱን ያየው ልጅ ከግንዱ ወርዶ እግሬ ሥር መጥቶ ቁጢጥ አለ። ሳሙኤል ብርጭቆውን ከእጄ ላይ ወሰደው። «ውሃው በኋላ ይደርሳል፣ እትዬ» አለኝ። «ይመለሱ። እኔም አልሰማሁትም።»

ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩና አነበብኩ። ትንሿ ልጅ ሮጣ ትሄዳለች። ከፈረሰው አጥር ክምር ውስጥ የድሮውን በር ሳንቃ ታወጣለች፤ ላሟ ማታ ማታ ስትገባ አንገቷን ታሽበት የነበረውን። እየጎተተች ወስዳ አዲሱ የብረት በር ላይ በሽቦ ታስረዋለች። ኮቱ ጉራቲ ትላታለች። ላሟ ቀስ ብላ ትመጣለች፣ ሳንቃውን ታሸታለች፣ አንገቷን ታሽበታለች። እዚህ ስደርስ ልጆቹ ሁሉ ራሳቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ፤ ሳንቃው እዚያ ነው፣ እንደታሰረ። የመጨረሻዋን መስመር ያነበብኩት ልጆቹን እያየሁ ቢሆንም፣ የነገርኩት ለሌላ ሰው ነው።

ላሟ ገባች፣ ጋሼ።